ምዕራፍ 7፦ ትልቁ ብር ሲዘረዘር

ባለፈው ምዕራፍ የተነገረው ስለ መከታተያው ነበር። የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው ቅንጣቶች በጠንካራ ማግኔት ውስጥ ሲያልፉ መንገዳቸው እንደሚታጠፍ፣ ከመታጠፉም ልክ ጉልበታቸው እንደሚሰላ ታይቷል። ሁለት ነገሮች ግን ተንጠልጥለው ቀርተዋል። ፎቶን፣ ማለትም የብርሃን ቅንጣት፣ ሙል ስለሌለው ማግኔት አያጥፈውም፤ በመከታተያው ውስጥ አሻራ ሳይተው ያልፋል። ሙል ያለውም ቢሆን ጉልበቱ በጨመረ ቁጥር መንገዱ ቀጥ እያለ ይሄዳል፤ ቀጥ ያለ መስመር ምን ያህል እንደታጠፈ መለካት ደግሞ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ መከታተያው ይበልጥ የሚፈለገው ጉልበታም ቅንጣት ሲመጣ ይበልጥ ይሳሳታል።

ለሁለቱም ችግሮች መፍትሔው ካሎሪሜትር የሚባለው መሣሪያ ነው። አሠራሩ ርኅራኄ የለውም። ቅንጣቱን አስቁሞ ያደቅቀዋል፤ ከዚያ ፍርስራሹን ይቆጥራል።

ኦሎምፒያ ላይ ዝርዝር ፍለጋ

ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ በሚወስደው መንገድ፣ ኦሎምፒያ ላይ፣ ሠራተኛ ከቢሮ በሚወጣበት ሰዓት የሚኒባስ ረዳት ትልቁ ራስ ምታት ዝርዝር ነው። አንዲት ተሳፋሪ ለመውረድ ተነሥታ ባለ 200 ብር ኖት ትዘረጋለታለች። «ኧረ እናት፣ ዝርዝር የለሽም?» የላትም። ረዳቱ ኖቱን ይዞ ይወርድና ከመንገዱ ዳር ካለው ሱቅ ሁለት ባለ 100 ይዞ ይመለሳል። አንዱን 100 ሌላ ረዳት በሁለት 50 ይሰብርለታል። 50ው ወደ አስር፣ አስሩ ወደ ብር ሳንቲም ይወርዳል። ትንሽ ቆይቶ ያ አንድ ኖት በብዙ እጅ ተበትኗል፤ ድምሩ ግን ያው 200 ነው።

አሁን ኖት ማንበብ የማይችል፣ የብር ሳንቲም መቁጠር ብቻ የሚያውቅ ሰው አለ እንበል። አንድ ኖት ስንት እንደሆነ ለማወቅ ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ እስከ መጨረሻው አስዘርዝሮ ሳንቲሙን መቁጠር። ካሎሪሜትር ይህን ሰው ይመስላል።

ከፕሮቶኖች ግጭት የወጣ፣ 60 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ያለው ፎቶን እንውሰድ። ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት በዚህ መጽሐፍ ደጋግሞ የመጣ መለኪያ ነው፤ አንድ ፕሮቶን በክብደቱ የያዘው ጉልበት ወደ አንድ ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት ይጠጋል። ፎቶኑ ከባድ ቁስ ውስጥ ገብቶ ከአንድ አቶም አስኳል አጠገብ ሲደርስ ወደ አንድ ኤሌክትሮንና አንድ ፖዚትሮን፣ ማለትም ተቃራኒ ሙል ያለው የኤሌክትሮን መንትያ፣ ይለወጣል፤ ጉልበቱንም ሁለቱ ይካፈሉታል። እነሱ ደግሞ በሌላ አስኳል አጠገብ ሲያልፉ ከመንገዳቸው ይጎተቱና አዲስ ፎቶን ይተፋሉ። አዲሱ ፎቶን እንደገና ጥንድ ይሆናል። በየእርምጃው ብዛቱ በግምት በእጥፍ ይጨምራል፣ የእያንዳንዱ ድርሻ በግማሽ ይቀንሳል። ፊዚሲስቶች ይህን የቅንጣቶች ውርጅብኝ ይሉታል።

ውርጅብኙ ማለቂያ አለው። የእያንዳንዱ ቅንጣት ድርሻ ከአንድ ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት አንድ መቶኛ አካባቢ ሲደርስ ከዚያ ወዲያ መዘርዘር ይቆማል። ሳንቲም ላይ ተደርሷል ማለት ነው። ባለ 60ው ፎቶን እዚህ ለመድረስ 12 ወይም 13 ጊዜ ያህል መከፈል አለበት፤ ያን ጊዜ ቁርጥራጮቹ ከ6,000 በላይ ይሆናሉ። የቀረችውን ጉልበት በዙሪያቸው ያሉትን አቶሞች በመነቅነቅ ይጨርሷታል። ቁሱ በትክክል ከተመረጠ ያ መነቅነቅ ብርሃን ይሰጣል፤ የሚቆጠረውም ይህ ብርሃን ነው።

ኖቱ ሲተልቅ ቆጠራው ይጠራል

የዚህ አሠራር ትልቁ ጸጋ ከቆጠራ ሕግ የሚመነጭ ነው። በዘፈቀደ የሚመጣ ነገር በአማካይ 100 ሆኖ ቢቆጠር፣ አንዱ ቆጠራ ከሌላው በ10 ያህል ይለያያል፤ ስሕተቱ 10 በመቶ ነው። አማካዩ 10,000 ከሆነ ልዩነቱ ወደ 100 ያድጋል፤ ይህ ግን ከጠቅላላው 1 በመቶ ብቻ ነው። ቁጥሩ መቶ እጥፍ ሲያድግ ስሕተቱ በድርሻ አሥር እጥፍ ያንሳል።

ስለዚህ ጉልበታም ቅንጣት ብዙ ቁርጥራጭ ይሰጣል፣ ብዙ ቁርጥራጭም የተሻለ ልኬት። መከታተያው የሚደክምበት ቦታ ላይ ካሎሪሜትሩ ይበረታል። በአንድ ግዙፍ ማሽን ውስጥ ሁለቱ ጎን ለጎን የተቀመጡት በዚህ ምክንያት ነው፤ ከትላልቆቹ የግጭት ሙከራዎች አብዛኞቹ ካሎሪሜትር አላቸው።

75,848 ክሪስታሎች

ጄኔቫ አጠገብ፣ በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ድንበር ሥር፣ የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ድርጅት ሰርን 27 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያለው ክብ ዋሻ አለው። በዚህ ዋሻ ውስጥ የሚሠራው ታላቁ የሃድሮን ግጭት ማሽን ፕሮቶኖችን ከሁለት አቅጣጫ አፋጥኖ ያጋጫል። ከግጭት ቦታዎቹ በአንዱ ላይ ሲ.ኤም.ኤስ. የተባለው፣ 14,000 ቶን የሚመዝነው መሣሪያ ተቀምጧል።

የሲ.ኤም.ኤስ. ካሎሪሜትር 75,848 ክሪስታሎች አሉት። አንዱ ክሪስታል ቢታይ እንደ መስታወት የጠራ፣ 23 ሴንቲ ሜትር ያህል ማለትም አንድ ስንዝር የሚረዝም፣ ፊቱ በየጎኑ 2.2 ሴንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ዘንግ ነው። የተሠራው ከእርሳስ፣ ከተንግስተንና ከኦክስጅን ነው። የሚያነሣው ሰው ይደነግጣል፤ ብርሃን የሚያሳልፍ የጠራ ነገር ሆኖ ሳለ በእኩል መጠን ካለ ብረት ይከብዳል። ክብደቱ የተፈለገ ነው። አስኳሎቹ ትላልቅ ስለሆኑ ፎቶኑ ሩቅ ሳይሄድ ይዘረዘራል፤ የባለ 60ው ፎቶን ውርጅብኝ ከገባበት ወደ 8 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ብዛቱ ጣሪያ ይነካል፣ ከዚያ በስንዝሩ ውስጥ ከሞላ ጎደል ያልቃል።

ክሪስታሎቹ የተሠሩት በሩሲያና በቻይና ነው፤ ምርቱ አሥር ዓመት ያህል ወስዷል። ብርሃናቸው ፈጣን ነው፤ 80 በመቶው በ25 ቢሊዮንኛ ሰከንድ ውስጥ ይወጣል። ነገር ግን ደካማ ነው። በእያንዳንዱ ክሪስታል ጀርባ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ ለውጠው የሚያጎሉ ጥቃቅን መሣሪያዎች የተለጠፉት ለዚህ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ከክሪስታሉ ሥራ አይተናነስም፤ ምናልባትም ይበልጣል። 75,848 ቆጣሪዎች አንድ ዓይነት ካልቆጠሩ ድምሩ ዋጋ የለውም። ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ከፍ ቢል የሚነበበው ምልክት ወደ 4 በመቶ ይቀንሳል፤ ስለዚህ የክሪስታሎቹ ሙቀት በ18 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ላይ፣ ከመቶኛ ዲግሪዎች በማይበልጥ ልዩነት ይጠበቃል። ልኬቱ ትክክል መሆኑ የሚፈተነው ደግሞ መልሱ አስቀድሞ በታወቀ ጥያቄ ነው። ዜድ የተባለው ቅንጣት ወደ ኤሌክትሮንና ፖዚትሮን ሲፈርስ የሁለቱ ጉልበትና አቅጣጫ አንድ ላይ ሲሰላ የዜድን ክብደት፣ ወደ 91.2 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት፣ መስጠት አለበት። ይህ ቁጥር በዚያው ዋሻ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 2000 በሠራው ቀዳሚ ማሽን በጥንቃቄ ተለክቶ ነበር። ካሎሪሜትሩ ሌላ ቁጥር ከሰጠ የሚታረመው ካሎሪሜትሩ ነው።

የድካሙ ዋጋ የታየው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 4 ቀን 2012 ነው። ሲ.ኤም.ኤስ. እና በዚያው ማሽን ላይ ያለው ሌላው ትልቅ ሙከራ አትላስ አዲስ ቅንጣት ማግኘታቸውን ያወጁበት ቀን ነው፤ በኋላ የሂግስ ቦዞን መሆኑ ተረጋገጠ። ሂግስ ወደ ሁለት ፎቶኖች የሚፈርሰው ከሺህ ሁለት ጊዜ ያህል ብቻ ነው። ሁለት ፎቶኖች ደግሞ ከሌላ ምንጭ እንደ ልብ ይመጣሉ። ልዩነቱ ከሂግስ የመጡት ሲደመሩና አቅጣጫቸው ሲሰላ ሁልጊዜ ወደ 125 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት መሰብሰባቸው ነው። ቆጠራው ሻካራ ቢሆን ኖሮ ያ ትንሽ ጉብታ በሰፊው ሜዳ ላይ ተበትኖ ይጠፋ ነበር። በካሎሪሜትሩ 1 በመቶ አካባቢ ጥራት ግን ጎልቶ ወጣ።

የዚህ ዘዴ ታናሽ ወንድም አዲስ አበባም ውስጥ አለ። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የኑክሌር ሕክምና ክፍል አለው፤ የዚህ ሕክምና ዋና መሣሪያ ጋማ ካሜራ ይባላል። ለበሽተኛው በጥቂቱ የተሰጠው ቴክኒሺየም የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ከሰውነቱ የሚልከውን ጨረር አንድ ክሪስታል ተቀብሎ ወደ ብርሃን ይለውጣል፤ ካሜራውም የብርሃኑን መጠን ለክቶ ጉልበቱን ያውቃል። በመንገዱ ላይ ተጋጭቶ አቅጣጫ የቀየረ ጨረር ጉልበቱ ስለሚጎድል ተለይቶ ይጣላል፤ አለዚያ ምስሉ ይደበዝዛል። የቴክኒሺየም ፎቶን ጉልበት ከሂግስ ፎቶን ጋር ሲተያይ ከአራት መቶ ሺህ ጊዜ በላይ ያንሳል። የሚጠየቀው ጥያቄ ግን ያው ነው፤ ስንት ይዘህ መጣህ?

ኮሚሽን የሚበላው ዝርዝር

እስካሁን የተወራው ለፎቶንና ለኤሌክትሮን የሚሆን ነው። ፕሮቶን፣ ፓዮንና የመሳሰሉት፣ በጥቅሉ ሃድሮን የሚባሉት፣ ሲዘረዘሩ ነገሩ ይበላሻል። ረዳቱ ሳንቲም ከሚያቀርቡ ሰዎች ዝርዝር ሲገዛ ኮሚሽን ያስቀሩበታል፤ ሃድሮንም አስኳል ሲመታ ከጉልበቱ የተወሰነው አስኳሉን ለመፍለጥ ይውላል፣ ብርሃንም አይሰጥም። ቢያንስ ኮሚሽኑ ቋሚ ቢሆን በማባዛት ይመለስ ነበር። ቋሚ አይደለም፤ ከአንዱ ውርጅብኝ ወደ ሌላው በእጅጉ ይለያያል። የሃድሮን ካሎሪሜትር ምንጊዜም ከፎቶኑ የሚሻክረው በዚህ ምክንያት ነው።

ሃድሮን ለማቆም ስንዝር አይበቃም፤ ከሜትር በላይ ውፍረት ያለው ብረት ያስፈልጋል። ያን ያህል ክሪስታል መግዛት የማይታሰብ ስለሆነ የብረት ሰሌዳና ብርሃን የሚሰጥ ፕላስቲክ ተራ በተራ ይደረደራሉ። ዝርዝሩ የሚከናወነው ብረቱ ውስጥ ነው፤ የሚቆጠሩት ፕላስቲኩ ላይ የደረሱት ሳንቲሞች ብቻ ናቸው፤ ቀሪው በስሌት ይገመታል። በሲ.ኤም.ኤስ. ለዚህ ሥራ ከዋለው ናስ ከፊሉ የመጣው ከሩሲያ የባሕር ኃይል ነው፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የመድፍ ቀለሃዎች ቀልጠው ሰሌዳ ሆነዋል። በሳይንስ ታሪክ ውስጥ ከዚህ የተሻለ የጦር መሣሪያ አጠቃቀም ማግኘት ይከብዳል።

አትላስ ለፎቶኖቹም ቢሆን ክሪስታል አልመረጠም። እንደ አኮርዲዮን በታጠፉ የእርሳስ ሰሌዳዎች መካከል ከዜሮ በታች 185 ዲግሪ ገደማ የቀዘቀዘ ፈሳሽ አርጎን ይዟል። ጥራቱ በትንሹ ቀንሷል፤ ፈሳሽ አርጎንን ግን ጨረር አያበላሸውም። የሁለቱ ምርጫ ልዩነት የገባው ሰው የሚቀጥለው ክፍል አያስቸግረውም።

ቆጣሪው ሲያረጅ፣ ወረፋው ሲበዛ

ጨረር ክሪስታሉን ያጠቁረዋል። በውስጡ ጥቃቅን ጉድለቶችን ይፈጥራል፤ እነሱም የሚወጣውን ብርሃን ይውጣሉ። ቆጣሪው ዓይኑ እየደከመ ስለሆነ ከሳንቲሞቹ የተወሰኑት ያመልጡታል፤ ያው ኖት ዛሬ ከትናንት ያነሰ ሆኖ ይታየዋል። በዚህ ምክንያት ማሽኑ እየሠራ ሳለ በየ40 ደቂቃው ገደማ ልኩ የታወቀ ሰማያዊ ሌዘር በእያንዳንዱ ክሪስታል ውስጥ ይላካል፤ ምን ያህሉ እንደወጣ ታይቶ እርማት ይሰጣል። በመሣሪያው መካከለኛ ክፍል ጉዳቱ በዚህ መንገድ ይታረማል። በሁለቱ ጫፎች፣ ፕሮቶኖቹ በሚመጡበት ቧንቧ አጠገብ፣ ግን ከግማሽ በላይ ብርሃን ያጡ ክሪስታሎች አሉ። እዚያ ሌዘር ምርመራ እንጂ መድኃኒት አይሆንም።

ሁለተኛው ፈተና ብዛት ነው። ፕሮቶኖቹ የሚጓዙት በክምችት ነው፤ ክምችቶቹ በሰከንድ 40 ሚሊዮን ጊዜ ይተላለፋሉ። በአንድ መተላለፍ የሚፈጠሩት ግጭቶች በመጀመሪያው ንድፍ ወደ 25 ነበሩ፤ በቅርብ ዓመታት ከ50 በላይ ደርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2030 ሥራ እንዲጀምር የታቀደው የተሻሻለው ማሽን እስከ 200 ያደርሳቸዋል። ሁለት መቶ ሰው በአንድ ጠረጴዛ ላይ በአንድ ጊዜ ኖቱን ሲያስዘረዝር ይታሰብ። ሳንቲሞቹ ሁሉ በትክክል ቢቆጠሩ እንኳ የትኛው ሳንቲም ከማን ኖት እንደወጣ ካልታወቀ ቆጠራው ለማንም አይጠቅምም።

መሣሪያዎቹን ለዚህ ብዛት የማደሱን ሥራ የመሩት ሰዎች የተረዱት ይህንን ነው፣ ትክክልም ናቸው። እያንዳንዱን ኖት ይበልጥ አጥርቶ መቁጠር ከእንግዲህ ብዙ አይጨምርም። ሳንቲሞቹን በየባለቤታቸው መለየት ነው ቁልፉ። መለያው ደግሞ ቦታና ሰዓት ነው።

በሲ.ኤም.ኤስ. ጫፎች ያሉት ክሪስታሎች ሙሉ በሙሉ ይነሡና በአዲስ ካሎሪሜትር ይተካሉ። አዲሱ 47 ንብርብሮች አሉት። ጨረሩ በሚበረታበት ክፍል ባለ ስድስት ጎን ሲሊከን፣ በሚቀንስበት ክፍል ፕላስቲክ ይዟል። ሲሊከኑ ብቻ 620 ካሬ ሜትር ገደማ ነው፤ ባለፈው ምዕራፍ የተወራለት መከታተያ ያለው 200 አካባቢ ነበር። የሲሊከኑ የማንበቢያ ክፍሎች ወደ ስድስት ሚሊዮን ይደርሳሉ፤ የእያንዳንዳቸው ስፋት አንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ሲሊከን በጨረር ሲጎዳ ኤሌክትሪክ ማፍሰስ ስለሚጀምር ሁሉም ነገር ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ አካባቢ ቀዝቅዞ ይሠራል። የቀድሞው መሣሪያ ስለ አንድ ውርጅብኝ የሚናገረው ድምሩን ነበር። አዲሱ ውርጅብኙ የት እንደጀመረ፣ በየንብርብሩ እንዴት እንደሰፋ፣ ወዴት እንዳዘመመ ያሳያል፤ ሁለት ውርጅብኞች ቢደራረቡ እንኳ ግንዳቸው ተለይቶ ይታያል።

ሰዓቱም አለ። 200ዎቹ ግጭቶች በአንድ ቅጽበት የሆኑ ይምሰሉ እንጂ በጥቂት መቶ ፒኮ ሰከንዶች ውስጥ ይበታተናሉ። አንድ ፒኮ ሰከንድ የሰከንድ ትሪሊዮንኛ ነው፤ በ30 ፒኮ ሰከንድ ብርሃን የሚሄደው 9 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የመካከለኛው ክፍል 61,200 ክሪስታሎች በቦታቸው ይቆያሉ፤ ከጀርባቸው ያለው ኤሌክትሮኒክስ ግን ይቀየራል። አዲሱ ምልክቱን በሰከንድ 160 ሚሊዮን ጊዜ ያነባል፣ ከቀድሞው አራት እጥፍ። ጉልበታም ፎቶን የመጣበትን ሰዓት በ30 ፒኮ ሰከንድ አካባቢ ጥራት እንዲነግር ታልሟል። ማቀዝቀዣውም ከ18 ወደ 9 ዲግሪ ይወርዳል፤ የብርሃን ተቀባዮቹ ጫጫታ እንዲቀንስ።

ፈጣን ንባቡ አንድ የቆየ ችግርም ያቃልላል። ማሽኑ ሥራ እንደጀመረ አንዳንድ ክሪስታሎች ብቻቸውን እጅግ ትልቅ ጉልበት ያነቡ ነበር። ተመርምሮ ሲታይ ቅንጣት ክሪስታሉን ትቶ በቀጥታ የብርሃን ተቀባዩን እየመታው ነበር። ይህ ያልተዘረዘረ፣ ሐሰተኛ ኖት ነው። የሚጋለጠውም በሁለት ነገር ነው፤ እውነተኛ ውርጅብኝ ወደ ጎረቤት ክሪስታሎች ይፈስሳል፣ ሐሰተኛው ብቻውን ይቆማል፤ የእውነተኛው ብርሃን ቀስ ብሎ ይከፈታል፣ ሐሰተኛው በድንገት ይመጣል። በአሁኑ ኤሌክትሮኒክስ፣ የትኛው ግጭት እንደሚያዝ የሚወስነው ፈጣኑ መራጭ የሚያየው 25 ክሪስታሎችን በአንድ ላይ ደምሮ ነው። ወደፊት እያንዳንዱን ለየብቻ ያያል።

የአትላስ የብረትና የፕላስቲክ ካሎሪሜትርም እየታደሰ ነው፤ እዚህ ላይ የአፍሪካ እጅ አለበት። በጆሃንስበርግ የሚገኘው የዊትስ ዩኒቨርሲቲ ለአዲሱ ኤሌክትሮኒክስ የኃይል አቅርቦት ክፍሎችን ከሚሠሩት ተቋማት አንዱ ነው። የሞሮኮ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ በአትላስ ውስጥ አሉ። ኢትዮጵያ የሰርን አባል አገር አይደለችም። ሆኖም ሰርን እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የሲ.ኤም.ኤስ.ን መረጃ በከፊል ለሕዝብ ስለከፈተ፣ አራት ኪሎ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ግቢ ተማሪ ኢንተርኔት ካገኘ የሁለት ፎቶኖቹን ጉብታ ራሱ መሳል ይችላል። መምህራን ይህን ዕድል ከሚጠቀሙበት በላይ ሊጠቀሙበት ይገባል፤ ቅንጣት ማጋጫ ሳይገነባ የቅንጣት ፊዚክስ የሚማሩበት በር ነውና።

ከዚህ ሁሉ ድካም ቀዳሚ ዒላማዎች አንዱ በአንድ ግጭት ሁለት ሂግስ ሲወለዱ ማየት ነው። ይህ ከአንድ ሂግስ መወለድ ከአንድ ሺህ ጊዜ በላይ ብርቅ ነው። ከተስፋ ሰጪዎቹ መንገዶች በአንዱ፣ አንደኛው ሂግስ ወደ ሁለት ፎቶኖች፣ ሌላው ወደ ሁለት የሃድሮን ውርጅብኞች ይፈርሳል፤ ሁለቱም ዓይነት ዝርዝር በአንድ ጊዜ በትክክል መቆጠር አለበት ማለት ነው። ነገር ግን በሰከንድ ከ40 ሚሊዮን መተላለፎች ውስጥ የትኛው ተይዞ የትኛው እንደሚጣል የሚወሰነው በሚሊዮንኛ ሰከንዶች ውስጥ፣ በከፊል ከካሎሪሜትሩ በሚደርስ የመጀመሪያ ወሬ ነው። የሚቀጥለው ምዕራፍ ስለዚህ ፈጣን መራጭ ነው።